እግዚአብሔር ከሰው ጋራ ስለ ማደሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በኅዳር መጨረሻ፣ በጾመ ነቢያት፣ ቡናው ቀልቶ ለቃሚው በየጫካው በተሰማራበት ወራት፣ ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር የታመመ ልጅ እንድንጠይቅ ተጠርተን ሄድን። ልጁ ለቀማ ፍለጋ ከሰሜን አገር የመጣ፣ ዕድሜው ከዐሥራ ስምንት የማያልፍ ነበር። ወባ ጥሎታል። ያስጠጉት ሰዎች የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ባለቤታቸው ነበሩ። ከራስጌው ተቀምጠን ጸሎት ካደረስን በኋላ ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ «አባቴ፤ የደብራችን ታቦት እዚህ ድረስ ያየኛል?» ሲል ጠየቀን።

እኛም ከመምህራኖቻችን እንደ ተማርነው፣ እግዚአብሔር ምሉዕ በኵለሄ መሆኑን፣ በሰማይም በምድርም የማይገኝበት ስፍራ እንደሌለ አስረዳነው። መልሳችን ስሕተት አልነበረበትም። ዳሩ ግን ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ እኛም የምንጨምረው ቃል አጣን። በዚያን ጊዜ የቤቱ እመቤት በጣሳ አጥሚት ይዘው ገቡ፤ ጾመኛ መሆኑን ስላወቁም ወተትም ቅቤም እንዳላገቡበት ነገሩን። ልጁ ተነሥቶ ጠጣ።

ወደ ጅማ ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ ራሳችንን ወቀስን። እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ አለ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው፣ እንግዲያስ በእኔ ዘንድ በተለይ የለም ብሎ ሊያዝን ይችላልና። ዝናብ በአገሩ ሁሉ ዘነበ ቢሉት፣ ማሳው የደረቀበት ገበሬ በምን ይጽናናል? ስለዚህ የልጁን ጥያቄ ይዘን መጻሕፍትን እንደ ገና ልንመረምር ጀመርን፤ ያገኘነውንም ዛሬ ለእናንተ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ያስተዋልነው ነገር ይህ ነው። እኛ ሰዎች እግዚአብሔር ወዴት አለ እያልን እንጠይቃለን። በመጽሐፍ ግን አስቀድሞ የጠየቀው እግዚአብሔር ነው፤ የጠየቀውም ስለ ሰው ነው። አዳም ከበደለ በኋላ በገነት መካከል የአምላኩን ድምፅ ሰምቶ በዛፎች ውስጥ ተሸሸገ፤ እግዚአብሔርም ወዴት እንዳለ ጠራው (ዘፍ. 3፥8-9)። የተሰወረው ሰው ነው፤ ፈላጊው እግዚአብሔር ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ የመጻሕፍት ነገር ሁሉ በዚህ ፍለጋ ላይ የቆመ ነው ብንል አንሳሳትም።

ያዕቆብን እንመልከት። ከቤርሳቤህ ተነሥቶ ወደ ካራን ሲሄድ ለጸሎት ወይም ለስእለት የወጣ ሰው አልነበረም። ወንድሙን አስቀይሞ፣ አባቱን አታሎ፣ ከቍጣ የሚሸሽ ስደተኛ ነበር። ፀሐይ ጠለቀችበት፤ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። በዚያ ቤተ መቅደስ የለም፤ መሠዊያም፣ ካህንም የለም። መሰላሉን ያየው፣ የመላእክትን መውጣትና መውረድ የተመለከተው፣ ከእርሱ ጋራ ሆኖ በሄደበት ሁሉ እንደሚጠብቀው የተስፋ ቃል ከእግዚአብሔር አፍ የሰማው በዚያ ባዶ ሜዳ ነው (ዘፍ. 28)። ሲነቃም ደነገጠ፤ እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ እንዳለ አላወቀም ነበርና። ስፍራውንም ቤቴል አለው፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። በየዓመቱ ጆንያቸውን ተንተርሰው በቡናው ጫካ ዳር የሚያድሩ ለቃሚዎች የያዕቆብ ወንድሞች ናቸው። ይህን ለዚያ ልጅ በጊዜው ነግረነው ቢሆን ኖሮ እያልን እስከ ዛሬ እንቈጫለን።

ሙሴንም እግዚአብሔር ያገኘው በሥራ ላይ ሳለ ነው፤ የአማቱን በጎች ሲጠብቅ። ያየውም ተራ ቍጥቋጦ ነበር፤ በምድረ በዳ እንደዚያ ያለ ቍጥቋጦ ስፍር ቍጥር የለውም። እሳቱ ነደደበት፤ ቍጥቋጦው ግን አልተቃጠለም። አባቶቻችን ይህን ዕፀ ጳጦስ መለኮትን ፀንሳ ላልተቃጠለች ለእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ይተረጕሙታል፤ ትርጓሜውም የታወቀ ስለ ሆነ አናስረዝመውም። እኛ ልናሳስብ የምንወደው ሌላውን ነው። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው በመሥሪያ ስፍራው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ግን አንድ የከበደ ነገር አለ፤ በእርሱም ላይ ጥቂት እንቈይ። እስራኤል በሲና ተራራ ግርጌ የወርቅ ጥጃ አቁመው ከሰገዱ በኋላ፣ እግዚአብሔር ለሙሴ የሚያስደንቅ ነገር ነገረው። ምድሪቱን እሰጣችኋለሁ አለ፤ ወተትና ማር የምታፈሰውን። ጠላቶቻችሁን የሚያስወጣ መልአክ እልካለሁ አለ። እኔ ግን በመካከላችሁ አልወጣም አለ (ዘፀ. 33)። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሕዝቡ ከግብፅ ሲወጡ የተመኙት ሁሉ ተሰጥቷቸዋል። ርስቱ አለ፤ ድሉ አለ፤ ጠባቂ መልአክ አለ። የጐደለው አንድ ብቻ ነው። ሙሴም፣ አንተ ከእኛ ጋራ የማትሄድ ከሆነ ከዚህ ከምድረ በዳው አታንቀሳቅሰን ሲል ለመነ። ርስቱን ያለ ባለ ርስቱ አልፈልግም ማለቱ ነው።

ለእኛ ለጅማና ለአካባቢው ሰዎች ይህ ምዕራፍ ሩቅ አይደለም። ከብዙ አገር ሰዎች ወደዚህ የመጡት፣ አያቶቻችን ግቤን የተሻገሩት፣ ምድሪቱ ለምለም ስለ ሆነች ነው። ከዋንዛውና ከሰሳው ጥላ ሥር ቡናው ይቀላል፤ የሚዘራው ይበቅላል፤ ዝናቡም አይነፍግም። እንግዲህ እያንዳንዳችን በልባችን እንጠየቅ። የቡናው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ቤትህ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ልጆችህ ይማራሉ፤ ጤናም አይጐድልህም፤ እኔ ግን ከአንተ ጋራ አልሆንም ቢባልስ? እንደ ሙሴ እንቢ የሚል ከመካከላችን ስንት ይገኛል? እኛም ብንሆን ጥያቄው ሲቀርብልን ምን እንደምንመልስ በእርግጥ ማለት ያስፈራናል። ሰው ቀስ በቀስ፣ ሳያውቀው፣ ይህን ውል ይፈርማልና።

የሚፈርምበትም ስፍራ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ነገር ግን 17 ኪሎ ተቀብሎ 16 ብሎ የሚመዘግብ ሰው አለ። ይኸው ሰው በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የመጣ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔርን በቅጽሩ ውስጥ ትቶት የወጣ ይመስለዋል፤ ወደ ንግዱ ስፍራ የሚከተለው አይመስለውም።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በካህኑ በዔሊ ዘመን እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ፊት በተሸነፉ ጊዜ፣ ኃጢአታቸውን ሳይመረምሩ ታቦቱን ከሴሎ አስመጡ፤ ታቦቱ ካለ እንዴት እንሸነፋለን ብለው ነው። ታቦቱም ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ዳሩ ግን ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱ ተማረከ፤ በመሥዋዕቱ ይቀልዱ የነበሩት የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስም ሞቱ (1 ሳሙ. 4)። ነቢዩ ኤርምያስም በዘመኑ በመቅደሱ በር ቆሞ፣ የመቅደሱን ስም ደጋግመው እየጠሩ መጻተኛውንና ድኻ አደጉን መበለቲቱንም የሚገፉትን ሰዎች ገሠጻቸው፤ የሴሎንም ፍርስራሽ ሄደው እንዲያዩ ነገራቸው (ኤር. 7)። እግዚአብሔር በስሙ የተጠራውን ቤት ያከብራል፤ ነገር ግን የሌባ መሸሸጊያ እንዲሆን አይፈቅድም።

በአንጻሩ ደግሞ ሕዝቅኤል አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ከንጉሡ ከዮአኪን ጋራ ወደ ባቢሎን ከተማረኩት አንዱ ነበር። የካህን ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሌዋዊ ወደ ማደሪያው አገልግሎት የሚገባበት ዕድሜ መሆኑን በኦሪት ዘኍልቍ እናነባለን። እንግዲህ ይህ ሰው አገልግሎት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ፣ መቅደሱ በሩቅ አገር ቀርቶ፣ በኮቦር ወንዝ ዳር ከምርኮኞች ጋራ ተቀምጦአል። ሰማዩ የተከፈተለት በዚያ ነው። የእግዚአብሔር ክብር የሚቀመጥበትን ዙፋን አየ፤ ዙፋኑም መንኰራኵር ነበረው (ሕዝ. 1)። መንኰራኵር ያለው ዙፋን ማለት ወደ ስደተኛው አገር የሚደርስ ዙፋን ማለት ነው። በኋላም ያው ነቢይ የእግዚአብሔር ክብር ከኢየሩሳሌም መቅደስ ከመድረኩ ተነሥቶ፣ በምሥራቁ በር አድርጎ፣ ከከተማዪቱ ወጥቶ በተራራው ላይ ሲቆም አየ፤ ለተማረኩት ግን በሄዱበት አገር ሁሉ እግዚአብሔር ራሱ ለጥቂት ጊዜ መቅደስ እንደሚሆናቸው ሰማ (ሕዝ. 10-11)። በመቅደሱ አጠገብ ሆነው የሚበድሉት አጡት፤ ከመቅደሱ ርቀው የሚያለቅሱት አገኙት። የዚያ ልጅ ጥያቄ መልሱ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ተጽፎ ቆይቶአል።

ከኤልዛቤል ሸሽቶ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የተጓዘውን ኤልያስን፣ በዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ የጸለየውን ዮናስን በዚህ እናልፋቸዋለን። ሠለስቱ ደቂቅን ግን በዚህ በለቀማው ወራት ሳናነሣ ብንቀር በደል ይሆንብናል፤ በዓላቸው ከቅዱስ ገብርኤል ጋራ ታኅሣሥ 19 ቀን ነውና። እሳቱ ሰባት እጥፍ ነደደ። እግዚአብሔር ወደ እቶኑ ከመጣላቸው በፊት አላወጣቸውም። ሦስት ሆነው ተጣሉ፤ ንጉሡ ሲመለከት ግን አራት ሆነው በእሳቱ መካከል ይመላለሱ ነበር።

ታዲያ ከመካከላችሁ ልጇን ያፈር ያለበሰች እናት፣ ለእኔ አራተኛው ለምን አልመጣልኝም ብትለን ምን እንመልሳለን? ጌዴዎንም እንዲሁ ጠይቆአል። ከምድያም ሰዎች ተሸሽጎ በወይን መጭመቂያው ውስጥ ስንዴ ሲወቃ፣ መልአኩ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋራ መሆኑን አበሠረው። ጌዴዎን ግን፣ ከእኛ ጋራ ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን ደረሰብን ብሎ ተከራከረ (መሳ. 6)። እግዚአብሔር ስለ ጥያቄው አልተቈጣውም። ምክንያቱንም አልዘረዘረለትም። ወደ እርሱ ዘወር ብሎ ላከው፤ ከአንተም ጋራ እሆናለሁ አለው። መጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ስላልነገረን እኛም ለኀዘንተኛ ከዚህ የበለጠ እናውቃለን አንልም። ከጐኗ ተቀምጠን አብረን እናለቅሳለን።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ። በግእዙ ወንጌል ቃል ሥጋ መሆኑን የሚናገረው የዮሐንስ ስብከት፣ ከእኛ ጋራ መኖሩን የሚገልጠው «ኀደረ» በሚል ቃል ነው (ዮሐ. 1፥14)። በቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን ይህን ቃል በእጃቸው እንደያዙት ዕንቍ ያገላብጡት ነበር። ማኅደር የሚለው ከዚህ ወጥቶአል፤ በአማርኛችንም አደረ፣ ማደሪያ፣ አዳሪ የምንለው ከዚሁ ነው። ለጥንቃቄ ያህል እንጨምር፤ አባቶቻችን እንዳስተማሩን ይህ በነቢያት ላይ እንዳደረው ያለ ኅድረት አይደለም፤ መለኮት ከሥጋ ጋራ ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል በተዋሕዶ አንድ የሆነበት ነው። በቃሉ ውስጥ ግን የአዳር ነገር አለ። እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ ውሻ እየተከላከልን፣ በጐጃም መንደሮች ጀንበር ሲጠልቅብን በየደጁ ቆመን «የመሸበት ነኝ፤ አሳድሩኝ» እንል ነበር። የቤቱም ጌታ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይለናል። እንግዲህ ሰማይና ምድር የማይወስኑት አምላክ የመሸበት እንግዳ ሆኖ በደጃችን ቆመ። በቤተ ልሔም በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አላገኘም። ወደ ኤማሁስ ከሚሄዱት ከሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጋራም፣ ቀኑ መሽቶአልና ብለው ግድ ቢሉት ገባ፤ ያወቁትም እንጀራውን ሲቈርስ ነው።

ቅዱስ ማቴዎስ ወንጌሉን ሲጀምር የሕፃኑ ስም አማኑኤል እንደሚባል ጻፈ፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር ከእኛ ጋራ መሆኑ ነው። ሲፈጽምም ጌታችን እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእኛ ጋራ ለመሆን የገባውን ቃል ኪዳን ጻፈ። ወንጌሉ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ነው። ከፍጻሜው አስቀድሞ ደግሞ በ25ኛው ምዕራፍ እንግዳ ሆኖ መቀበሉን፣ ታሞ መጠየቁን ተናገረ። ጻድቃኑም መቼ እንዳዩት አላወቁም ነበር። እኛ ካህን ሆነን በዚያ ቤት በቃል የተናገርነውን፣ እነዚያ ባልና ሚስት ወተት ሳያገቡ በሠሩት አጥሚት አድርገውት ነበር። አብርሃምም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ውኃና እንጀራ ነው ያቀረበው፤ ጥጃውንም ያረደው ማን እንደ መጣበት ገና ሳያስረዱት ነው።

የእኛ አገር ሰው የሆነው የሕንደኬ ጃንደረባም ይህን መስክሮአል። ሊሰግድ እስከ ኢየሩሳሌም ሄደ። ጃንደረባ ወደ ጉባኤው እንዳይገባ በኦሪት ተጽፎአል (ዘዳ. 23፥1)። ኢሳይያስን እያነበበ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን፣ በጋዛ ምድረ በዳ መንገድ ላይ፣ መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አቀረበው (የሐዋ. 8)። በመንገድ ዳር በተገኘ ውኃ ተጠመቀ፤ ደስ ብሎትም ሄደ።

ከዚህ ተነሥቶ፣ እንግዲያስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለ ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር ሰሎሞን ይመልስለታል። ሰማየ ሰማያት የማይበቃው አምላክ በሠራው ቤት እንደማይወሰን ያውቅ ነበር፤ በጸሎቱም ተናግሮታል፤ ነገር ግን ቤቱን ሠራ (1 ነገ. 8)። እኛ በቤተ ክርስቲያን በታቦቱ ላይ የጌታን ሥጋና ደም እንቀበላለን፤ ይህም በቡና ጫካም በገበያም የማይገኝ ነው። ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦቱ ወደ ውኃው ወርዶ በድንኳን ሲያድር ተመልከቱ። አዳሩ ነው በዓሉ! ጥምቀታችንን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ለፎቶግራፍ ብቻ የሚመጣው ሰው ሌሊቱን ትቶት ይሄዳል። ሌሊቱን ከድንኳኑ አጠገብ ቈሞ ያነጋ ሰው ነው «ኀደረ» ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው።

ዮሐንስ በራእዩ መጨረሻ ያያት ከተማ መቅደስ የላትም። የእግዚአብሔር ድንኳን በሰዎች መካከል ስለሚሆን፣ ዕንባቸውንም እርሱ ራሱ ስለሚያብስ ነው (ራእ. 21)። ከዚያ በፊት ያለነው እኛ ግን ገና በመንገድ ላይ ነን፤ ገና ማደሪያ እንለማመጣለን፤ እናሳድራለንም። የቡና ባለቤቶች የሆናችሁ ወገኖቻችን፣ ለቃሚዎቻችሁ የሚተኙበትን ስፍራ ዛሬ ማታ በእጃችሁ መብራት ይዛችሁ ሂዱና ተመልከቱ። ሂሳባቸውንም ስትሰጡ የሚዛኑን ነገር አትርሱ።

ልጁ ከገብርኤል በዓል በፊት ተነሣ። በታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዳሴ ጅማ መጥቶ ነበርና አገኘነው፤ ከስቶአል፤ ነገር ግን ይሥቃል። ከታመመ ወዲህ ለእናቱ በስልክ እንደ ደወለላት አጫወተን። እናቱ ስለ ገንዘቡም ስለ ሥራውም አልጠየቀችውም። «ማን ዘንድ አደርህ?» ብቻ ነው ያለችው። እርሱም ስልኩን ለባልቴቲቱ ሰጣቸው። እርሳቸው አማርኛ እንደ ልብ አይችሉም፤ እናትየውም ኦሮምኛ አታውቅም። ሂሳቡ እስኪያልቅ ድረስ ግን ሁለቱ አላቋረጡም አለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።